ለሁለት ያሰብነው ቤት

ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ካፌ መግባት ካቆምኩ ቆይቼ ነበር። ሐኪም ከልክሎኝ አይደለም፤ ቤት ልገዛ ነበር። እስራኤል አገር፣ ቤርሼቫ ሆስፒታል ነርስ ሆኜ እሠራለሁ። የጠዋቱን ፈረቃ ጨርሰን ስንወጣ የሥራ ጓደኞቼ በሩ አጠገብ ካለው ካፌ ጎራ ሲሉ እኔ «አውቶቡስ ያመልጠኛል» እላለሁ። አውቶቡሱ በየሩብ ሰዓቱ ይመጣል፤ እነሱም ያውቃሉ። መጀመሪያ ላይ «ነይ፣ እኛ እንጋብዝሽ» ይሉኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ መጋበዙንም ተዉት፣ ዞር ብሎ ማየቱንም ተዉት። ማንም አልተጣላኝም። ብቻ አንድ ቀን ልብ ስል፣ እነሱ ወደ ካፌው ሲያቀኑ እኔን የሚሰናበተኝ አልነበረም።

በዚያን ጊዜ የእኔ እድሜ ሰው በሁለት ነገር ይኖር ነበር፤ በሚኑስና በተሽሉሚም። ሚኑስ ማለት ባንክ ያለውን ጨርሶ ከሌለው ላይ ማውጣት ነው። ተሽሉሚም ደግሞ ዛሬ ለብሶ ቀስ እያሉ በየወሩ መክፈል ነው። ሱሪ ለመግዛት እንኳ ብንገባ ሻጯ ቀና ብላ ሳታየን «በስንት ተሽሉሚም ይሁን?» ትላለች። እኔ «ባንዴ» ስላት የታመምኩ ይመስል አተኩራ ታየኛለች። ሞባይል በየዓመቱ ይለወጣል። ከሠራዊት የወጣ ሁሉ ወይ ህንድ ወይ ደቡብ አሜሪካ ካልሄደ ሰው አይመስለውም። ጋዜጣው ደግሞ ወጣቱ ቤት መግዛት ያቃተው ደመወዙን በካፌ ስለሚጨርስ ነው ብሎ ይጽፋል። እስቲ እኔን ይጠይቁኝ! ካፌውን ተውኩት፤ የቤቱ ዋጋ ግን አላየኝም፣ አላመሰገነኝም፣ ሽቅብ መሮጡን ቀጠለ። ከቴል አቪቭ አካባቢ የሚመጡ ሰዎች ቤቶቻችንን ሳያዩ በስልክ ይገዙ ነበር፤ ክፍሉን ለሁለት ለሦስት ከፍለው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያከራዩታል።

ከኢትዮጵያ የመጣው የእኛ ሰው በዚህ ላይ ሠርግ አለበት። አምስት መቶ ሰው ካልተጠራ «ልጃቸውን በድብቅ ዳሩ» የሚባልበት ሠርግ። በበጋ በየሳምንቱ አንድ አለ፤ አንዳንዴም ሁለት። ፖስታ ይዞ መሄድ ነው፤ ባዶ እጅ አይኬድም፣ ያነሰ ፖስታም አይዘነጋም። እኔ ሠርግ መሄድ አቆምኩ። ፈረቃ አለብኝ እል ነበር፤ እውነትም ፈረቃ እየለመንኩ እወስዳለሁ። ለቅሶ ግን አልቀርም፤ ከለቅሶ የቀረ ሰው ከሰው አይቆጠርም። እንግዲህ ዘመዶቼን የማገኛቸው ሁሉም ሲያለቅሱ ነበር ማለት ነው። ሳቃቸውን ረስቼው ነበር።

ይህን ሁሉ የማደርገው ግን ብቻዬን አልነበረም። እሱ ነበር። የተዋወቅነው ዩኒቨርሲቲ ከመግባታችን በፊት በተማርነው የዝግጅት ትምህርት ላይ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የኬሚካል ፋብሪካ ቴክኒሺያን ሆኖ ተቀጠረ። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር። ገና በተዋወቅን ሰሞን፣ እንደ ማንኛውም የእኛ ልጅ፣ «የየት አገር ናችሁ?» ተባባልን። ልጆች ሳለን ነው ሁለታችንም በፈረንጅ ዘጠና አንድ በአውሮፕላን የመጣነው፤ አገሩን በደንብ አናስታውሰውም። እኔ ደምቢያ አልኩ፣ እሱ ሰሜን አለ። በእግር የብዙ ቀን መንገድ መሆኑን ከወላጆቻችን ወሬ እናውቃለን። እስከ ሰባት ትውልድ ዘመድ ከሆኑ መጋባት እንደማይቻል ደግሞ ከመናገራችን በፊት የሰማነው ነገር ነው። ሩቅ ነው፣ እንግዲያው ዘመድ አይደለንም ብለን ተሳሳቅን። ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ።

ለማንም አልነገርንም። ይህ የኔ ሐሳብ ነበር፤ እሱም ተስማማ። ለወላጆች ከተነገረ በማግስቱ ሠርግ ይጀመራል፤ ሠርግ ከተጀመረ ያጠራቀምነው ሁሉ በአንድ ምሽት በአምስት መቶ ሰው ይበላል። ስለዚህ ቅደም ተከተል አወጣን። መጀመሪያ ባንክ፣ ከዚያ የቤት ውል፣ ከዚያ ሽማግሌ። ቁልፉ እጃችን ከገባ በኋላ ሠርጉ ትንሽ ቢሆን ማን ምን ይለናል አልን። በራሴ በጣም ኮርቼ ነበር፤ እንደኔ ዓይነት ብልጥ በዚያ ሰፈር የተፈጠረ አይመስለኝም ነበር።

የድብቅ ፍቅር ርካሽ ነው፤ ግን ይበርዳል። ቤርሼቫ በጋዋ ቢያነድም ክረምቷ አጥንት ይገባል። እኛ ካፌ አንገባም፣ ሲኒማ አንገባም፣ ቤታችን አንሄድም። ሱፍ አበባ እየቆረጠምን ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ አግዳሚ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። አንዳንድ ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ይዘን ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር ወደ ራሞት እንሄዳለን፤ ግቢ ያላቸውን ቤቶች ለማየት። እዚያ ሰው ሁሉ በመኪና ነው የሚሄደው፤ በእግር የምንሄደው እኛ ብቻ ነን። አንዴ አንዲት ሴትዮ መኪናዋን አቁማ መስኮቷን ዝቅ አደረገችና «የማን ቤት ነው የምታጸዱት? እኔም ሰው እፈልጋለሁ» አለችን። እሱ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። እኔ ፊቴን አዙሬ እርምጃዬን አፈጠንኩ። ራሞት ግን ለዓይን እንጂ ለኪሳችን አልነበረም፤ ያንን ያለ ሴትዮዋም እናውቅ ነበር።

ቤቱን ያገኘነው እኔ ባደግኩበት በሽኩና ሄ ሰፈር ነው፤ ከወላጆቼ ሕንጻ ሦስት ሕንጻ አልፎ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሦስት ክፍል፣ አሮጌ ግን ንጹሕ። ባለቤቲቱ ባሏ የሞተባት፣ ከሩሲያ የመጣች አሮጊት ነበረች፤ ልጇ ዘንድ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ነው። እሱ እንደ ባለሙያ ግድግዳውን በጣቱ ያንኳኳል፤ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ዝም ብሎ ማንኳኳቱ ደስ ብሎት ነው። እኔ ወጥ ቤቱን አየሁ። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጠዋት ፀሐይ ይገባል። አሮጊቷ ባልና ሚስት መስለናት ትንሿን ክፍል ከፍታ «ልጆቹ እዚህ ይተኛሉ» አለች። ሁለታችንም እሺ ብለን ራሳችንን ነቀነቅን። በሕይወቴ ያን ቀን የተደሰትኩትን ያህል ተደስቼ አላውቅም። በዚያ ቤት ውስጥ እኔ ወጥ ስሠራ፣ እሱ አንድ ነገር ሲያንኳኳ፣ ድምፁን እዚያው ሆኜ የሰማሁት መሰለኝ። የፈለግሁት ይህን ብቻ ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ድምፅ መስማት።

ባንኩ ማሽካንታውን፣ ማለትም የቤት ብድሩን፣ እንደሚሰጠን ነገረን። ለባልና ሚስት የሚፈቀደው ከላጤው ይሻላል፤ ልንጋባ ነው ብለን ስለነበር በዚያ ተሰላልን። ውል የምንፈርምበት ቀን ተያዘ። እዚህ ላይ እሱ አላስቻለውም። «እናቴ ከሰው ብትሰማው ይከፋታል፤ ቢያንስ ለእሷ ልንገራት» አለኝ። ተቆጣሁ፤ በኋላ ግን እሺ አልኩ። እናቱ ለአባቱ ነገረች። አባቱ በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹ እኛ ሳሎን ተቀመጡ። እነሱ ሦስት፣ በእኛ በኩል አባቴና የአባቴ አጎት። እሱም ከአባቱ ጋር መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። እኔ ከእናቴ ጋር ወጥ ቤት ሆኜ በተከፈተው በር አያለሁ። ሰላምታው አለቀ፣ ጤና ተጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ። ከዚያ መቁጠር ጀመሩ። አንደኛው የእሱን አባት ወገን ይጠራል፣ የአባቴ አጎት የእኛን ይጠራል። በአባት በኩል ጨረሱ፣ አልተገናኘም። እናቴ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ። በአባቶቻችን እናት በኩል ጀመሩ። ከቅድመ አያት አልፈው፣ ስማቸውን ሰምቼው ከማላውቃቸው ሰዎች ዘንድ ደረሱ። ድንገት የአባቴ አጎት አንድ የሴት ስም ጠሩ። ከወዲያ ያሉት ሽማግሌ ያንኑ ስም ደገሙት።

«ቆይ፣ ያቺ ወደ ሰሜን የተዳረችው ናት?» አሉ የአባቴ አጎት።

«እሷው ናት! በበቅሎ የሄደችው። የእኛ ቤት ቅድመ አያት ናት እኮ!»

«የእኔ ቅድመ አያት ታናሽ እህት ናት!»

እንግዲህ የሆነውን ልንገራችሁ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ተቃቀፉ። ተሳሳሙ። ሁለቱ አባቶች አለቀሱ። «ዘመድ አገኘን! ለካ ዘመዶች ነን!» እያሉ ይሳሳማሉ። ስንት ዓመት አንድ ከተማ ኖረው፣ በአንድ አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ሳይተዋወቁ ቆይተዋል። ደስታቸው እውነተኛ ነበር፤ ዛሬም ልፈርድባቸው አልችልም። እሱና እኔ ግን በሳሎኑ በኩል ተያየን። ማንም እኛን አላየንም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ሁለታችን ብቻ ለቅሶ ላይ ነበርን።

ሲረጋጉ የአባቴ አጎት ጠሩኝ። «ነይ እስቲ ልጄ» አሉኝ። «ወንድምሽን ሳሚው።»

«አባባ፣ እሱ ከሰሜን ነው እኮ፣ እኛ ከደምቢያ ነን። ሩቅ ነው» አልኳቸው፤ ድምፄ እንደ ሕፃን ቀጠነ።

«አዬ ልጄ» አሉ፤ ሊያጽናኑኝ ፈልገው ነው። «በቅርብ መጋባት ስለማይሆንልን፣ ልጆቻችንን ሩቅ አገር ነበር የምንድረው። እንዲያ ሲሆን ዘመድ የሚገኘው ሩቅ ነው። ቅርብ ካለው ጋርማ ማን ይሳሳታል? ደግ ነው ሳይረፍድ አወቅን።»

እናቴ ከኋላዬ «በቃ፣ ዳይ» አለች፤ ይበቃል ማለቷ ነው። የሷ ዕብራይስጥ የሚመጣው ስታዝን ነው።

በማግስቱ ያችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተገናኘን። ሱፍ አበባ አልነበረም። ሁልጊዜ እንደምናደርገው በዕብራይስጥ ነው ያወራነው። እኔ እሞግታለሁ። ጋብቻ ከሚፈጽመው የሃይማኖት ቢሮ፣ ከራባኑት፣ ሄደን ብንጠይቅ የአጎት ልጆችን እንኳ ያጋባል፤ በሕግም በሃይማኖትም የሚከለክለን የለም፤ የሚከለክሉን ሁለት ሳሎኖች ናቸው አልኩት። እንደኛ ዘመድ ሆነው ተገኝተው የተጋቡ አሉ፤ ሰው ሁለት ዓመት ያማል፣ ልጅ ሲወለድ ይረሳል አልኩት። ቤቱ አለ፣ ውሉ አለ፣ አንተ ፈርም ብቻ አልኩት። እሱ እግሩን ያያል።

«እናቴ ትናንት ስትተኛ ምን አለችኝ መሰለሽ?» አለ በመጨረሻ። «‹እህትህ ጥሩ ልጅ ናት› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እንዴት አድርጌ ልይሽ?»

ፈሪ አልኩት። ከዚያ የባሰም አልኩት። ቢመልስልኝ፣ ቢሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰው ግን እህቱን አይሰድባትም አሉ። ተነሥቶ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሸኘኝ። እኔ ተሳፈርኩ፣ እሱ ቀረ።

የጋራ ሒሳባችንን የዘጋችው የባንክ ሠራተኛ ስልክ እያወራች ነበር። የስንት ዓመት ብርድ ያጠራቀመውን እኩል ከፍላ ለየቤታችን ሰደደችን። ያ የሦስተኛ ፎቅ ቤት በዚያው ወር ከቴል አቪቭ ለመጣ ሰው ተሸጠ። ከሥራ ወደ ወላጆቼ ቤት ስመለስ በሥሩ አልፋለሁ። በረንዳው ላይ የተማሪዎች ፎጣ ይሰቀላል፤ ሙዚቃ ይሰማል። የምሥራቁን መስኮት በፕላስቲክ መጋረጃ ጋርደውታል፤ ጠዋት ፀሐይ የሚያስቸግራቸው ተኝተው የሚያረፍዱ ሰዎች ናቸው።

ከዚያ እኔም ገዛሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ገዛሁ። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ቦት ጫማ፣ ሁለተኛ ሞባይል፣ የማልለብሰው ቀይ ካፖርት፣ ሁሉንም በተሽሉሚም። ሻጮቹ አሁን እንደ ጤነኛ አዩኝ። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ካፌ ገባሁ፤ ግን የሚያወሩለትን ሰው ሁሉ አላውቀውም፣ የት ላይ እንደምስቅ ጠፋኝ። ለሽርሽር ኢላት ሄድኩ። ባሕሩ ዳር ተኝቼ የሰውን ጫጫታ ስሰማ ዋልኩ። ሰው ሲከፋው ለምን ዕቃ እንደሚገዛ ገባኝ። የገዛሁትን ከከረጢት እስካወጣው ድረስ አንድ ሰው የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። ከወጣ በኋላ ቦት ጫማ ነው።

ዘመድነቱ ደግሞ አልጠፋም። በዓል ሲመጣ እናቱ ትደውላለች፣ «የኔ ልጅ፣ ምነው ጠፋሽ?» ትለኛለች። በሠርግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ያስቀምጡናል፤ አሁን ሠርግ እሄዳለሁ፣ የምቆጥብለት ነገር የለኝም። ከሩቅ «ወንድምሽ መጣ» ይሉኛል። እሱ ጉንጬን ይስመኛል፣ ስለ ሥራ ይጠይቀኛል፣ ፈገግ ሲል እጁን ወደ አፉ ይወስዳል። ሰው የሚወደውን ሰው ሲያጣ ቢያንስ አያየውም። እኔ በየበዓሉ እየሳምኩ ነው ያጣሁት።

ቁርጤን ያወቅሁ አንድ ቅዳሜ ነው። ወላጆቼ ሳሎን ተቀምጬ፣ ታናናሾቼ ከሠራዊት መጥተው በየክፍሉ ተኝተው፣ የማደርበት እንዳጣሁ ተሰማኝ። በቃ ብቻዬን እገዛለሁ አልኩ። እናቴ «ባል ሳይኖር ቤት ምን ይሠራል?» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ የምር ስለማይገባት ነው የጠየቀችኝ። ለእሷ ቤት ማለት ሰው ነው። እኔ ደግሞ ሰው ከሌለ በር እንኳ ይኑረኝ ብዬ ነው። ካፌውን እንደገና ተውኩት። በዚህ ጊዜ ብርዱን አብሮኝ የሚቀመጥ አልነበረም፤ ቁጠባ ለብቻ ሲሆን ስስት ይመስላል። ለላጤ የሚፈቀደው ብድርም ትንሽ ነው። በስንት መከራ እዚያው ሽኩና ሄ ሁለት ክፍል ቤት አገኘሁ፤ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ሻጩ አልታገሠኝም፤ ሌላ ገዥ አለ እያለ ያጣድፈኛል።

ባንኩ ዋስ አምጪ አለኝ። ደመወዙ የታወቀ፣ ቋሚ ሥራ ያለው ሰው። አባቴ የጽዳት ሥራውን በኮንትራት ስለሚሠራ አልተቀበሉትም። ታናናሾቼ ገና ወታደር ናቸው። ከሥራ ጓደኞቼ አንዷን ጠየቅሁ፤ ባሌ አይፈቅድም አለች። እውነቷን ነው፤ ለካፌ የማትከተላቸውን ሴት ለባንክ ይከተሏታል ወይ? ሻጩ እስከ ሐሙስ ካልሆነ ትቼሻለሁ አለ። ረቡዕ ዕለት አባቴ ፊቱ በርቶ መጣ።

«አታስቢ» አለኝ። «ዋስ አግኝቻለሁ። ነገ ጠዋት ባንክ ይጠብቅሻል።»

«ማን ነው አባባ?»

«ዘመድ ነዋ! ዘመድ ለመቼ ነው?» ብሎ ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ አለ።

ገባኝ። ሌሊቱን እሱ ካለበት አልሄድም እያልኩ አደርኩ። ጠዋት ግን ቤት አጥቼ እንደገና ወላጆቼ ሳሎን ስተኛ ታየኝና ሄድኩ። ከእኔ በፊት ደርሷል። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ የደመወዝ ወረቀቶቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሲያየኝ ተነሣ። ጉንጬን ሳመኝና አጠገቡ ያለውን ወንበር ሳበልኝ።

ሠራተኛዋ ወጣት ናት፤ ቸኩላለች። የእሱን መታወቂያ አየች፣ የእኔን አየች፣ ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ቦታ ደረሰችና ቆመች።

«ምኗ ነህ?» አለችው።

አፌን ከፈትኩ። ልቤ ውስጥ ያለው ቃል ግን ለባንክ የሚሆን አይደለም። እሱ ወደ እኔ አልዞረም።

«ወንድሟ ነኝ» አለ።

ልጅቷ ቀና ብላ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየችና ፈገግ አለች። «ያስታውቃል» አለች፣ «በጣም ትመሳሰላላችሁ።»

ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኛ ገፋ አደረገች። አንድ እስክሪብቶ ነበር፤ መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ እሱ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ለአንድ ቤት ፈረምን።